በሰው አፍ የተላከ ጉዳይ

ስለ ራሱ ጉዳይ ለመናገር አንደበት የተሰጠው ሰው አንደበቱን ዘግቶ የሌላውን ቢዋስ፣ ጠበቃ ያቆመ እየመሰለው በራሱ ላይ ጌታ ይሾማል። ይህ በየትኛውም አገር እውነት ነው፤ አለቃና ሠራተኛ በር ዘግተው ፊት ለፊት በሚቀመጡበት አገር ግን ይበልጥ እውነት ነው። ትሕትና መልካም ነው፤ ዝምታም በጊዜው መልካም ነው። ሆኖም ተጠይቆ ያልመለሰ ሰው ትሑት ሊባል አይገባም፤ ጉዳዩንም ለሌላ አሳልፎ የሰጠ ሰው የተቀበለው ምን እንዳደረገበት በጊዜው ሊያውቅ አይችልም። የአደራ በላም ቅጣት ቢዘገይ እንጂ አይቀርም። የጤናዬ ታሪክ ይህን ያስረዳል።

ጤናዬ የምትሠራው በፈረንጅ አገር፣ ኮሜርስ ሲቲ በተባለ ከተማ በሚገኝ አንድ የምግብ መጋዘን ውስጥ፣ ሠራተኞቹ ፍሪዘር በሚሉት ክፍል ነበር። ፍሪዘር ማለት የቤት ማቀዝቀዣን የሚያስታውስ ስም ይሁን እንጂ፣ ነገሩ መኪና የሚገባበት፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መብራቱ ሰማያዊ የሆነ አዳራሽ ነው። ወደዚያ የሚገባ ሰው እስትንፋሱ በዐይኑ ሽፋሽፍት ላይ ይረጋበታል። እዚያ የሚሠራ ሰው ካርቶን ያነሣል፣ ይደረድራል፣ ይጠቀልላል፤ ወጥቶ ጥቂት ይሞቅና ተመልሶ ይገባል። ጤናዬ ከቡድኑ ሁሉ ፈጣን ነበረች። ፈጣን የነበረችበትም ምክንያት ቶሎ ለመውጣት ስለምትፈልግ ነበር፤ ነገር ግን ፈጣን ሰው ቶሎ አይወጣም፤ ሌላ ሥራ ይጨመርለታል እንጂ።

ከጊዜ በኋላ የቀኝ እጇ ጣቶች መንጣት ጀመሩ። መጀመሪያ ከሥራ ስትወጣ ይመለሱ ነበር፤ ኋላ ግን ፒዮሪያ ስትሪት ካለው አፓርታማዋ ገብታ እጇን ለብ ባለ ውኃ ብትነክርም፣ ሁለቱ ትንንሾቹ ጣቶች እንደ ሌላ ሰው ጣት ሆነው ይቀሩባት ጀመር። የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ አቃታት። ብርጭቆ ከእጇ ወድቆ ሲሰበር ያወቀችው በድምፁ ነው። ሐኪሙ በግልጽ ነገራት፦ ከብርዱ ካልወጣች ስሜቱ አይመለስም፤ ከዘገየችም ጭራሽ ላይመለስ ይችላል። እንግዲህ የጤናዬ ጉዳይ ይህ ነበር፤ ከፍሪዘር ወጥታ ጣቶቿን ማዳን።

ጉዳዩን የምታቀርብበት ስፍራም ነበራት። የመጋዘኑ ሥራ አስኪያጅ ካርላ የምትባል ሴት ስትሆን፣ በየወሩ እያንዳንዱን ሠራተኛ ለብቻው ጠርታ ግማሽ ሰዓት ታነጋግራለች። ሠራተኞቹ ይህን «ዋን ኦን ዋን» ይሉታል። ጤናዬ እንግሊዝኛዋ ያማረ ባይሆንም ጉዳይ ለማስረዳት ያንሳል የሚባል አልነበረም። የጎደላት ቋንቋ ሳይሆን ልማድ ነበር። በእሷ አስተዳደግ፣ ሰው «ይህን ስጡኝ» ብሎ በገዛ አፉ ትልቅ ሰው ፊት አይቆምም፤ ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌው ነገሩን በለዘበ ቃል ያቀርባል፤ ላኪው ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል። ለጋብቻም፣ ለዕርቅም፣ ለቤት ኪራይም እንዲህ ስታደርግ ኖራለች።

ሽማግሌ ደግሞ ሩቅ አልነበረም። የፍሪዘሩ ቡድን መሪ አለምሰገድ፣ በዕድሜ የገፋ፣ የአገር ልጆች በየሰንበቱ በሚሰበሰቡበት ማኅበራቸው ባልና ሚስት የሚያስታርቅ፣ መርዶ የሚያረዳ ሰው ነበር። ጤናዬን ወደዚህ ሥራ ያስገባት እሱ ነው፤ የእናቷን ሞት ያረዳትም እሱ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ላስቸግርዎ ነበር።»

«አንቺ ደግሞ! ሰው ሰውን ካላስቸገረ ማንን ያስቸግራል? በይ ንገሪኝ።»

ጓንቷን አውልቃ ጣቶቿን አሳየችው። አለምሰገድ በመዳፉ ይዞ አገላበጣቸው።

«እእ! ይሄ በረዶ ነው እንጂ ጣት ነው?»

«ሐኪሙ ከብርድ ውጪ ብሎኛል። ውጪ፣ ካርቶን ላይ ሌብል የሚለጠፍበት ጠረጴዛ ላይ ቦታ ሲገኝ፣ ለካርላ አንድ ቃል ቢሉልኝ ብዬ ነው።»

«ይሄ ምን ይለመንበታል! የእኔ ዋን ኦን ዋን ካንቺ ይቀድማል። እኔ ጨርሼልሽ እወጣለሁ።»

«እኔስ ስገባ ምን ልበላት?»

«ምንም! ሽማግሌ የላከች ልጅ ከኋላ ተከትላ ትለፈልፋለች? እኔን ያላመንሽኝ ያስመስልሻል። አመስግነሽ ውጪ። ፈረንጅ ሲጨቀጭቁት ጀርባውን ነው የሚሰጥሽ፤ እኔ አውቃቸዋለሁ።»

ጤናዬ እጁን ልትስም ጎንበስ አለች፤ እሱም «ተይ፣ ተይ» እያለ ከለከላት።

አለምሰገድ በዚያች ሰዓት ሊያደርግላት አስቦ ነበር ብንል ሐሰት አይሆንም። ነገር ግን ወደ ካርላ ክፍል ሲገባ አንድ ነገር አስታወሰ። የመጋዘኑ ደንብ፣ ከፍሪዘሩ ቡድን ሰው ሲጎድል ተተኪ እስኪገኝ መሪው ራሱ ገብቶ ይሠራል ይላል። ተተኪም ቶሎ አይገኝም፤ ያን ክፍል ወድዶ የሚመጣ የለምና። አለምሰገድ በፊት እዚያ ስለ ሠራ ብርዱን ያውቀዋል። ስለሚያውቀው ፈራው፤ እያወቀው ግን ለጤናዬ አልራራም። እውቀት ርኅራኄን ይወልዳል የሚሉ ሰዎች ይህን ሰው አላዩም።

ካርላም «ጤናዬስ እንዴት ናት?» ብላ ጠየቀችው።

«ደኅና ናት» አላት። «በፍሪዘሩ ሥራ ትኮራለች። ብታነሺያት የቀነስሻት ይመስላታል።»

ከዚህ ቃል ውስጥ ግማሹ እውነት ነበር፤ ጤናዬ በፍጥነቷ ትኮራ ነበርና። ሐሰተኛ ሰው ሁልጊዜ ከእውነት ጥቂት ይዞ ይሄዳል፤ ኅሊናውን የሚያስተኛው በዚያች በጥቂቷ ነው።

በማግስቱ ተራው የጤናዬ ሆነ። ካርላ በሩን ዘጋች፤ ወንበሯን ከጠረጴዛው ጀርባ አውጥታ ከጤናዬ አጠገብ አደረገች።

«ሁሉ ነገር ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው። አመሰግናለሁ።»

«ሥራው አልከበደሽም? የሚያስፈልግሽ ነገር የለም?»

ጤናዬ ይህ ጥያቄ የትዕግሥት መፈተኛ መሰላት። ሽማግሌው ተናግሯል፤ እንግዲህ ሴትዮዋ እንዳልሰማች ሆና የምትጠይቀው የእሷን ጨዋነት ለማየት ይሆናል። ስለዚህ እጇን በጭኗ መካከል ደብቃ «ምንም የለም» አለች። የተረፈውን ጊዜ ስለ ዘነበው በረዶና ስለ መንገዱ መጨናነቅ አወሩ። በዚያ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዎች ስለ ውጪው ብርድ ሲነጋገሩ፣ ከብርድ የተነሣ የሞቱ ጣቶች በመካከላቸው ተሸሽገው ነበር።

በሚቀጥለው ወርም እንዲሁ ሆነ፤ ከዚያም በኋላ እንዲሁ። አለምሰገድ በየጊዜው «አስገብቼልሻለሁ፤ እያሰበችበት ነው፤ ይሄ አገር ቀስ ይላል» ይላታል። እሷም ታመሰግነዋለች። በዓል በመጣ ቁጥር ዶሮ ወጥ ሠርታ ለቤቱ ትልክ ነበር።

በጸደይ ወራት ከሌብሉ ጠረጴዛ አንድ ሰው ለቀቀ። ቦታው የተሰጠው ዮርዲ ለተባለች አዲስ ገቢ ልጅ ነው። ጤናዬ ዮርዲን ከጠረጴዛው ጀርባ ቀጭን ሹራብ ለብሳ ባየቻት ቀን፣ አለምሰገድን በኮሪደሩ ላይ አገኘችው።

«ጋሼ፣ ቦታው እኮ ሄደ።»

አለምሰገድ ራሱን ነቀነቀ። «ምን ላድርግሽ? ተሟገትሁ፣ ተሟገትሁ። እንግሊዝኛዋ አይበቃም አለችኝ። ሰው ንቀት ከያዘው ምን ይመልሰዋል?»

ጤናዬ አመነችው። ከዚያ ወዲያ ካርላን ስታይ ፊቷ ይጠቁር ጀመር፤ በስብሰባቸውም «ደኅና ነው» ከማለት አልፋ ስለ በረዶውም ማውራት ተወች። እንዲህ አድርጎ አለምሰገድ የፈለገውን ዝምታ፣ ካልፈለገው ጥላቻ ጋር አገኘ።

ከሥራ ወደ ቤት የምትመላለሰው በማህፉዛ መኪና ነበር። ማህፉዛ የመርካቶ ልጅ ናት፤ ከጤናዬ ጋር አንድ ሕንጻ ላይ ትኖራለች፤ በመጋዘኑም ዕቃ የሚረከበው ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጤናዬ የወንበሩን ቀበቶ ደጋግማ ልታስገባ ሞክራ ሲያቅታት፣ ማህፉዛ ተንጠራርታ አሰረችላት።

«እኔ ምልሽ፣ ይሄን ቀበቶ እስከ መቼ ነው የማስርልሽ? የልጆቼን ወንበር ከኋላ ላምጣልሽ?»

«ይለቀኛል።»

«ምኑ ነው የሚለቅሽ! ለካርላ ነግረሻታል?»

«ጋሽ አለምሰገድ ነግረውልኛል። እምቢ አለች።»

ማህፉዛ መኪናዋን ለማስነሣት የዘረጋችውን እጅ መለሰች። «ቆይ፣ ቆይ። አንቺ በየወሩ እዚያ ክፍል ውስጥ ከሴትዮዋ ጋር ጉልበት ለጉልበት ገጥመሽ ትቀመጫለሽ። እና ጉዳይሽን ሌላ ሰው ነው የነገረልሽ?»

«ሽማግሌ ከላክሁ በኋላ እኔ መልሼ ብናገር…»

«ሽማግሌ? ካርላን ልታገቢያት ነው እንዴ?»

ጤናዬ ሳትወድ ሳቀች። ከሳቀች ቆይታ ነበር።

«ቀልዱን ተይ። ነውር ነው።»

«ወላሂ ነውሩ ይሄ ነው» አለች ማህፉዛ፣ በአገጯ ወደ ጤናዬ ጣቶች እያመለከተች። «እኔም ፍሪዘር ነበርሁ እኮ፤ ረሳሽው? ልጄን ሳረግዝ ገባሁና፣ ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ብርዱን አልችለውም፣ አልኋት። አወጣችኝ። ሽማግሌም አልላክሁ፣ ዱዓም አላደረግሁ… ዱዓስ አድርጌያለሁ።»

«አንቺማ ደፋር ነሽ።»

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ያሉት አባቶቻችን ናቸው፤ እኔ አይደለሁም። አሁን ስሚኝ። ስትገቢ ስለ በረዶ አታውሪ። ያ ግማሽ ሰዓት ያንቺ ነው፣ የእሷ አይደለም፤ እሷ ሌላውን ጊዜ ሁሉ አላት። መጀመሪያ እጅሽን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪ። አንድ ጉዳይ ብቻ ያዢ። የምትፈልጊውን ንገሪያትና ‹መቼ?› በያት። መቼ እንደሆነ ሳትነግርሽ ከወንበሩ አትነሺ።»

«ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው፤ ማህፉዝዬ። ውለታቸውስ?»

«ያስገቡሽ ወደ ሥራ ነው ወይስ ወደ ፍሪዘር?»

ማህፉዛ መኪናዋን አስነሣች። ጤናዬ እስከ ፒዮሪያ ድረስ ይህን ስታሰላስል ሄደች።

ይህ ማለት ጤናዬ አለምሰገድን ጠረጠረች ማለት አይደለም። የታመነን ሰው መጠርጠር ለእሷ ከባድ ነበር፤ ለደከመ ሰው ደግሞ ሁሉ ነገር ከባድ ነው። ያሰበችው ይህን ብቻ ነው፦ ካርላ እምቢ ካለች፣ እምቢታውን ከራሷ አፍ ልስማ። ከእምቢታ በላይ የምትፈራው ነገር አልቀራትም ነበር።

የሚቀጥለው ስብሰባ ደረሰ። ካርላ እንደ ልማዷ «ሁሉ ነገር ደኅና ነው?» አለቻት።

ጤናዬ ጓንቷን አወለቀች፤ ቀኝ እጇንም ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አስቀመጠች። በእንግሊዝኛ፣ ቃላቱን እንደ ካርቶን አንድ በአንድ እያነሣች፣ እንዲህ አለች።

«ደኅና አይደለም። እነዚህ ሁለቱ አይሰሙኝም። ሐኪም ከብርድ ውጪ ብሎኛል። ከፍሪዘር መውጣት እፈልጋለሁ። አንቺ እምቢ እንዳልሽ አውቃለሁ፤ ግን እንደገና እጠይቅሻለሁ። መቼ ልወጣ እችላለሁ?»

ካርላ እጁን አየች፤ ከዚያም ፊቷን አየች።

«እኔ እምቢ አልሁ? ለማን?»

«ለአለምሰገድ። እንግሊዝኛዬ አይበቃም ብለሽ።»

 ካርላ በዝግታ «ዮርዲን ከመመደቤ በፊት አለምሰገድን ጠይቄው ነበር» አለች። «ጤናዬ ፍሪዘሩን አትለቅም፤ ብትነሣ ትቀየማለች አለኝ። አንድ ጊዜ አይደለም፤ በጠየቅሁት ቁጥር።» ደግሞም ጨመረች። «አንቺንም በየወሩ ጠየቅሁሽ። እዚሁ ወንበር ላይ።»

ይህ የመጨረሻው ቃል ከመጀመሪያው ይልቅ ጤናዬን ወጋት። የመጀመሪያው የሌላ ሰው በደል ነው፤ ይህኛው ግን እውነት ነበር።

ካርላ አለምሰገድን አስጠራችው። ፈገግ እያለ ገባ፤ ጓንት ያላጠለቀውን የጤናዬን እጅ ጠረጴዛው ላይ ሲያይ ግን ፈገግታው በፊቱ ላይ ቀረ፣ ዐይኑ ብቻ ተለወጠ። ካርላ የሰማችውን ነገረችውና «እውነት ነው?» አለችው። እሱ ለካርላ ሳይመልስ ወደ ጤናዬ ዞሮ በአማርኛ ተናገረ።

«ጤናዬ፣ ምን ጉድ ነው የምታመጪብኝ? በይ፣ አልተግባባንም ነበር በያት። ሌላውን ቤት እንነጋገራለን።»

ጤናዬ እጇን ከጠረጴዛው ላይ አላነሣችም።

«ሽማግሌ አታዋርጂ፣ ልጄ። ነገ በማኅበሩ ፊት በምን ዐይኔ ነው የማይሽ? የእናትሽን ሞት ያረዳሁሽ እኔ ነኝ!»

እዚህ ላይ ጤናዬ ልታደርገው ትችል የነበረው ነገር የታወቀ ነው። «ተሳስቻለሁ» ብትል ሽማግሌው ከኀፍረት ይድናል፤ ማኅበሩ ያመሰግናታል፤ ጨዋ ልጅ ትባላለች፤ ወደ ፍሪዘሩም ትመለሳለች። ከእሷ በፊት ብዙ ሰዎች ይህን መርጠዋል፤ የትልቅ ሰውን ስም በራሳቸው ሥጋ ሸፍነዋል፤ ይህም ደግነት ተብሎ ተነግሮላቸዋል። ደግነት ግን የበዳይን ነውር መክደኛ ከሆነ፣ የበደሉ ተባባሪ ነው።

ጤናዬ ቀና ብላ አየችው። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ የአክብሮት ቃሏንም አልተወችም።

«ጋሼ፣ ካርላ የሚሉትን አትሰማም። በእንግሊዝኛ ይንገሩኝ።»

አለምሰገድ ዐይኑን ወደ በሩ መለሰ። በእንግሊዝኛ ሊባል የሚችል ነገር አልነበረውም። በማኅበር ፊት የሚሠራው ቃል በዚያ ክፍል ውስጥ ዋጋ አልነበረውም።

ጤናዬ ወደ ካርላ ዞረች። «አልተሳሳትሁም» አለች። «ነግሬያቸው ነበር። ጣቶቼንም አሳይቻቸዋለሁ። ለአንቺ እንዳልናገር ያዘዙኝ እሳቸው ናቸው።» ከዚያም እንደ ተመከረችው፣ ሳትነሣ፣ «መቼ ነው የምወጣው?» ብላ ጠየቀች።

«አሁን» አለች ካርላ። «ዛሬ ተመልሰሽ አትገቢም።»

ከዚያ በኋላ ጤናዬ ዕቃ መረከቢያው ቢሮ፣ ማህፉዛ አጠገብ ተመደበች። ደስታ ይሆናል ያለችው ነገር ሲመጣ ድካም ሆኖ አገኘችው፤ ለብዙ ቀናት ቤቷ ገብታ ከመተኛት በቀር ምንም አላደረገችም። ከጣቶቿ አንዱ ቀስ በቀስ ነፍስ ዘራ። ትንሿ ጣት ግን እንደ ነጣች ቀረች። ሐኪሙ ቀደም ብላ ከብርዱ ብትወጣ ኖሮ ይህም ባልሆነ ነበር አላት፤ እሷም ማንን መውቀስ እንደሚገባት አስባ፣ ከሁለት ስም አንዱ የራሷ መሆኑን አልካደችም። በማኅበሩ አንዳንዶች «በፈረንጅ ፊት ሽማግሌ አዋረደች» አሏት።  ሁለት ሰንበት ከማኅበሩ ቀረች፤ በሦስተኛው ሄዳ እንደ ወትሮዋ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ ከግራዋ ያለችው ሴት ወንበሯን ፈቀቅ ስታደርግ አይታ ከስፍራዋ አልተነሣችም።

ካርላ ግን ነገሩን በዚያ አልተወችውም። የፍሪዘሩን ሠራተኞች በየተራ እየጠራች፣ በር ዘግታ፣ «ለአለምሰገድ ነግራችሁት እኔ ዘንድ ያልደረሰ ነገር አለ?» ብላ ጠየቀቻቸው። በድሉ የተባለው ሠራተኛ ስለ ጉልበቱ ሕመም ነግሮት እንደ ነበር ተናገረ። ሌሎችም እንዲሁ ተናገሩ። አንዱም ቃል ከአለምሰገድ አልፎ አልሄደም ነበር።

አለምሰገድ ከመሪነቱ ተሻረ። ደመወዙ ወደ ተራ ሠራተኛ ዝቅ ተደረገ፤ ጤናዬ በለቀቀችውም ስፍራ ፍሪዘር ውስጥ ተመደበ። በመጀመሪያው ስብሰባው ስለ ዕድሜው እንዲታይለት ራሱ ለካርላ አመለከተ፤ ተተኪ ሲገኝ ይታያል ተባለ። ተተኪ አልተገኘም። በማኅበሩም ከዚያ ወዲህ ለሽምግልና የጠራው የለም።